ባሕሩ ከላይ ጸጥ ብሎ ከስር የሚናጠው ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጨረቃና ስለ ባሕር ሙላት ስንጽፍ መጨረሻው ላይ አንዲት አንቀጽ ጣል አድርገን ነበር። ባሕር ውስጥ ከላይ የማይታይ፣ ከፎቅ የሚበልጥ ሞገድ በቀን ሁለት ጊዜ ይነሳል የምትል። ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ ጥያቄ ያመጣችው እሷ ሆነች። አብዛኛው ደብዳቤ የመጣው ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ ካሉ አንባቢዎቻችን ነው፤ ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ሰው ስለ ውሃ ሲወራ ዝም ማለት አይችልም መሰለኝ። የሚመሳሰሉትን አጣምረን፣ የረዘሙትን አሳጥረን አቅርበናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል አካባቢ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። እኔ የማውቀው ሞገድ ነፋስ ሲነሳ ይነሳል፣ ነፋስ ሲተኛ ይተኛል። ከላይ ሳይነቃነቅ ከስር ብቻ ሞገድ አለ የምትሉት አልገባኝም። ደግሞ ባሕሩን እንደ ስፕሪስ የተነባበረ ነው ብላችሁታል። ውሃ ከውሃ ጋር እንዴት ሳይቀላቀል ይቀመጣል?

መልስ፦ ስፕሪሱን እናቆየው፣ ለመነሻ ያህል ይሠራል። ልዩነቱ ባሕር ላይ ድንበሩ እንደ አቮካዶና ማንጎ ቁልጭ ያለ መስመር አለመሆኑ ነው። በአሥር ወይም በመቶ ሜትሮች ውስጥ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ነው።

ንብርብሩን የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ጨው። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ውሃ ነው፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ይቀላል። ዝናብ ወይም ወንዝ የገባበት ውሃ ጨው ስለሚያንሰው ይቀላል። ብዙ የተነነበት ውሃ ጨው በዝቶበት ይከብዳል። በሞቃታማ ውቅያኖስ ላይ የላይኛው ውሃ 28 ዲግሪ ሆኖ፣ 1,000 ሜትር ወረድ ሲባል 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የላይኛው አንድ ሊትር 1,022 ግራም ገደማ ይመዝናል። የታችኛውን አንድ ሊትር አውጥተህ ብትመዝነው 1,027 ወይም 1,028 ግራም ነው። ልዩነቱ 5 ግራም ገደማ፣ በቃ። ከሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አትበልጥም፣ ግን ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ ሆኖ እንዲቀመጥ ትበቃለች።

አሁን ወደ ሞገዱ እንምጣ። አንተ የምታውቀው ሞገድ በውሃና በአየር መካከል ያለ ሞገድ ነው። ውሃው ከፍ ሲል ከአየር እጅግ ስለሚከብድ ክብደቱ ወዲያው መልሶ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ፈጣን ነው፣ ከፍ ለማድረግም ብዙ ጉልበት ይፈጃል። በከባዱና በቀላሉ ውሃ መካከል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባዱ ውሃ ተገፍቶ ከፍ ቢል በዙሪያው ያለው አየር ሳይሆን ሌላ ውሃ ነው። መልሶ የሚጥለው ያቺ የ5 ግራም ልዩነት ብቻ ናት። የሚመልሰው ኃይል 200 ጊዜ ገደማ ይደክማል ማለት ነው። ስለዚህ በትንሽ ግፊት በጣም ከፍ ይላል፣ ሲመለስም እየተጎተተ ነው።

ቁጥሩን ተመልከት። 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ውቅያኖስ ላይ ዋናው የባሕር ሙላት፣ ማለትም ጨረቃ የምታነሳው፣ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የአውሮፕላን ፍጥነት ልትለው ትችላለህ። በውስጥ የሚሄደው ግን በሰከንድ 2 ወይም 3 ሜትር ነው፣ ታላቁ ሩጫ ላይ ሳይጨነቅ ሶምሶም የሚል ሰው አብሮት መሄድ ይችላል። ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ ከሐዋሳ እስከ ባቱ እንደማለት።

ከፍታውስ? በክፍት ውቅያኖስ ውስጥ የውስጡ ድንበር በአሥር ሜትሮች መውጣትና መውረዱ የተለመደ ነው። በታይዋንና በፊሊፒንስ መካከል ባለው በሉዞን ሰርጥ አቅራቢያ ከ200 ሜትር በላይ የሚወጣና የሚወርድ ተለክቷል። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና ሕንፃ 209 ሜትር ነው፤ እሱን የሚያህል ሞገድ ባሕር ውስጥ ሲያልፍ የላይኛው ገጽ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። ውቅያኖስ መሀል እንዲህ ያለ ሙላት ከላይ የሚያነሳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ምክንያቱ ያው ነው፤ ከውስጥ ብዙ ሜትር የሚያነሳ ጉልበት ከአየር ጋር ሲጋጠም ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚችለው።

ስለዚህ ከጀልባ ላይ ሆነህ ባታየው አይግረምህ። ነፋስም አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ። የጨረቃ ስበት ውሃውን ከላይ እስከ ታች እኩል ነው የሚስበው ተብለን ተምረናል። እኩል ከሆነ የውስጡ ድንበር ብቻውን ለምን ይነሳል? ሁሉም አብሮ መነሳት የለበትም?

መልስ፦ ጎበዝ! ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይሄንን ነው።

ልክ ነሽ። ጨረቃ የውስጡን ሞገድ በቀጥታ አታነሳውም። የባሕሩ ወለል እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ወዲህና ወዲያ ይሄድ ነበር እንጂ የውስጥ ሙላት የሚባል ነገር ባልተወለደ። ሥራውን የሚሠራው ተራራ ነው። ማለቴ ከባሕር በታች ያለ ተራራ።

እንዲህ ነው። ሙላት ማለት ውሃው መውጣትና መውረድ ብቻ አይደለም። ያ ውሃ ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት፣ ስለዚህ የውቅያኖሱ ውሃ በሙሉ ጥልቀቱ ጎን ለጎን ይፈሳል፣ በ6 ሰዓት ገደማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በሚቀጥለው 6 ሰዓት ወደ ሌላው። የዋናው የጨረቃ ሙላት ሙሉ ዙር 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ይህ ፍሰት ከውቅያኖስ ወለል የተነሳ ተራራ ወይም የአህጉር ጠርዝ ሲያጋጥመው መውጣት ግድ ነው። ከታች ያለው ከባድና ቀዝቃዛ ውሃ ተራራውን እየታከከ ወደ ላይ ይገፋል። ቦታው አይደለም፣ ከሱ የቀለለ ውሃ መሀል ገብቷል። ፍሰቱ ሲመለስ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ከነበረበት አልፎ ይወርዳል። ይሄ በ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አንዴ፣ ዓመት እስከ ዓመት፣ ሳያርፍ። ከተራራው ግራና ቀኝ ሞገድ ይሰደዳል። የውስጥ ሙላት የምንለው ይሄን ነው፤ ሰዓቱ የጨረቃ፣ የትውልድ ቦታው ተራራ።

ለዚህ ነው ቦታ የሚመርጠው። ሃዋይ ከፓስፊክ ወለል ተነስቶ የተዘረጋ ረጅም የተራራ ሰንሰለት ላይ የተቀመጠች ናት፣ ደሴቶቹ ጫፎቹ ብቻ ናቸው። ይህ ሰንሰለት ከዓለም ትልልቅ የውስጥ ሙላት አመንጪዎች አንዱ ነው። በ1992 ወደ ሕዋ የወጣው ቶፔክስ ፖሴይዶን የተባለ ሳተላይት የባሕሩን ገጽ ከፍታ በራዳር ይለካ ነበር። በ1996 ሪቻርድ ሬይና ጋሪ ሚቹም የተባሉ ተመራማሪዎች መረጃውን ሲያበጥሩ ከሃዋይ የሚወጣውን የውስጥ ሙላት አሻራ አገኙት። ላዩ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የምታህል ከፍታ ናት፤ ከደሴቶቹ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃም ትታያለች። ሴንቲ ሜትር ከሕዋ! በሕንድ ውቅያኖስ፣ ለኛ በሚቀርበው ማለት ነው፣ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ያለው የማስካሬን የባሕር ውስጥ አምባ ስመ ጥር አመንጪ ነው።

ፊዚክስ ስለምትወጂ አንድ ተጨማሪ ነገር ልንገርሽ፣ ሌሎቻችሁ ከፈለጋችሁ ዝለሉት።

ሐይቁ ላይ ድንጋይ ብትወረውሪ ሞገዱ በገጹ ላይ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሌላ መሄጃ የለውም። ባሕር ውስጥ ግን ውሃው ወደ ታች በሄድሽ ቁጥር ቀስ እያለ ስለሚከብድ፣ ሞገዱ ሰያፍ ሆኖ ወደ ታችም ወደ ላይም መሄድ ይችላል። ጉልበቱ ከተራራው ጫፍ እንደ ጨረር ዘንበል ብሎ ይወጣል። የዘንበሉ መጠን የሚወሰነው በሞገዱ ሰዓት፣ በንብርብሩ ጥንካሬና በምድር መሽከርከር ነው፤ ግፊቱ ቢበረታም ቢደክምም አይለወጥም። ይበልጥ የሚገርመው፣ የሞገዱ ጫፎች ወደ ላይ ሲጓዙ ካየሽ ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ተቃራኒ። አንዴ ስታነቢው አይዋጥም፣ አውቃለሁ።

ሲመለስም ጠባዩ ሌላ ነው። ብርሃን መስታወት ላይ ሲያርፍ የሚጠብቀው ከመስታወቱ ጋር ያለውን ማዕዘን ነው። ይህ ሞገድ ግን የሚጠብቀው ከስበት አቅጣጫ ጋር ያለውን ማዕዘን ነው፤ የገጨው ወለል ቢያጋድልም ግድ የለውም። ከዚህ የሚመጣ አንድ ነገር አለ። የወለሉ ተዳፋትና የጨረሩ ዘንበል እኩል የሆኑበት ቦታ ላይ ጉልበቱ መሄጃ አጥቶ ወለሉ ላይ ይጨመቃል፣ ሞገዱ ይሰበራል፣ ውሃው ይበጠበጣል። ይህ መበጥበጥ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

የምድር መሽከርከርም ገደብ ይጥልበታል። ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም ከ74.5 ዲግሪ ኬክሮስ ካለፍሽ በኋላ ይህ የ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሞገድ በነፃነት መጓዝ አይችልም። በቀን አንዴ የሚመጣው ዓይነት ሙላት ደግሞ 30 ዲግሪ ላይ ይገታል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል ነኝ፤ ዛሬ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። በወጣትነቴ ምፅዋ ሳለሁ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ባሕሩ ላይ ረጃጅም ለስላሳ ሰንበሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው አይ ነበር። በመካከላቸው ያለው ውሃ ሻካራ ነው። እናንተ የምትሉት እሱ ይሆን? ደግሞስ ሰርጓጅ መርከብን ያሰጥማል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ የአምድ አዘጋጅ ልቡ ይሞላል። ለስላሳ ሰንበር ከሌላ ነገርም ሊመጣ ይችላል፣ ከዘይት ለምሳሌ፣ ወይም ከባሕር ዕፅዋት ከሚወጣ ቅባት። ረጅም ሆኖ፣ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ አንዱ ለስላሳ አንዱ ሻካራ እየሆነ ከተጓዘ ግን የውስጥ ሞገድ ዋነኛ ምልክት ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። የውስጡ ሞገድ ሲያልፍ ላዩን ባያነሳውም የላይኛውን ውሃ ወደ ጎን ይጎትተዋል። አንዱ ቦታ ላይ ውሃው ይገናኛል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይለያያል። በሚገናኝበት ትንንሾቹ የነፋስ ሞገዶች ይታመቁና ሻካራ ይሆናል፤ በሚለያይበት ይለሰልሳል። ቅባት ካለ ደግሞ በሚገናኝበት ተሰብስቦ እሱም ለስላሳ መስመር ይሠራል። ራዳር ሻካራና ለስላሳን ስለሚለይ ሳተላይቶች በሌሊትም በደመናም ያዩታል። በደቡባዊ ቀይ ባሕር፣ በ16 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ፣ ከምፅዋ ብዙም ሳይርቅ፣ እንዲህ ያሉ የውስጥ ሞገዶች በሳተላይት ምስል ላይ ተይዘዋል። እዚያ መገኘታቸው ለተመራማሪዎቹ እንቆቅልሽ ነበር። እርስዎም እንደሚያውቁት የቀይ ባሕር ሙላት ብዙ አይደለም፤ በሰሜንና በደቡብ ጫፎቹ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የለም ማለት ይቀላል።

ቀይ ባሕር ራሱ ግን ለንብርብር የተፈጠረ ነው። ፀሐዩ ያተነዋል፣ ትልቅ ወንዝ አይገባበትም፣ ጨው ይበዛበታል። በክረምታቸው፣ ማለትም በኛ በጋ፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀላል ውሃ ከላይ ይገባል፣ የቀይ ባሕር ጨዋማና ከባድ ውሃ ከስር ይወጣል። በአንድ ሰርጥ ሁለት ወንዝ በተቃራኒ እንደሚሄድ ያስቡት። በበጋቸው ሦስት ንብርብር ይሆናል፤ ከላይ ይወጣል፣ መሀል ላይ ይገባል፣ ከስር ጥቂት ይወጣል። ሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ደፍ 137 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ሁሉም በዚያ ላይ ነው የሚያልፈው።

ሰንበሮቹ ለምን ተሰልፈው እንደሚመጡም ልንገርዎት። ትልቁ የውስጥ ሙላት እየተጓዘ ሲሄድ ፊቱ ይሾላል። ከዚያ ወደ አጫጭርና ሹል ሞገዶች ይበተናል፣ ረጅሙ ፈጣን ስለሆነ ይቀድማል፣ አጫጭሮቹ በቅደም ተከተል ይከተላሉ። ሶሊቶን ይሏቸዋል። በሕንድ ውቅያኖስ ምሥራቅ ባለው በአንዳማን ባሕር መርከበኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ ጸጥ ባለ ባሕር ላይ በድንገት የሚንፈቀፈቅ ረጅም የውሃ ሰልፍ ይመጣና ያልፋል። በ1975 በአሜሪካና በሶቪየት የጋራ የሕዋ በረራ ላይ ከተነሱት ፎቶዎች አንዱ ይህንኑ ሰልፍ ያሳያል። በ1980 ደግሞ ኦዝቦርንና በርች የተባሉ ተመራማሪዎች ከስር ያሉትን ሞገዶች ለክተው አሳተሙ።

ወደ ሰርጓጁ። በሚያዝያ 2021 ናንጋላ 402 የተባለ የኢንዶኔዥያ ሰርጓጅ መርከብ ከባሊ ደሴት በስተሰሜን ከ53 ሰዎች ጋር ሰጠመ። የአገሪቱ የባሕር ኃይል መኮንኖች ሊሆኑ ይችላሉ ካሏቸው ምክንያቶች አንዱ የውስጥ ሞገድ ነው። አካባቢው፣ በተለይ የሎምቦክ ሰርጥ፣ በብርቱ የውስጥ ሞገድ የታወቀ ነው። አንድ ሰርጓጅ ሳይሰምጥ ሳይንሳፈፍ የሚቆመው ክብደቱን ከከበበው ውሃ ጋር አስተካክሎ ነው፤ የከበበው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይዞት ቢወርድ፣ ወይም ወደ ቀላል ውሃ ቢገባ፣ ወደ ታች ይሄዳል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ።

ላይኛው መርከብም ቢሆን ከጣጣው አያመልጥም። በ1893 ፍሪድትዮፍ ናንሰን የተባለው ኖርዌያዊ አሳሽ ፍራም በተባለች መርከቡ በሰሜን ሳይቤሪያ ሲጓዝ መርከቧ ያለ ምክንያት ተጎተተችበት። በረዶ የቀለጠበት ቀላል ውሃ በጨዋማው ላይ ተኝቶ ነበር። ቫግን ዋልፍሪድ ኤክማን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ በኋላ በገንዳ ውስጥ ሞክሮ ምክንያቱን አሳየ፤ የሞተሩ ጉልበት መርከቧን ከመግፋት ይልቅ በሁለቱ ውሃዎች ድንበር ላይ ሞገድ በማንሳት ያልቅ ነበር። ይሄ ግን ከጨረቃ ጋር አይገናኝም፣ ሞገዱን ያነሳችው ራሷ መርከቧ ናት።

ጥያቄ፦ ሱናሚ ማለት ይሄ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሱናሚ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ውሃውን ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል፣ በጥልቅ ባሕር ላይም በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። የውስጥ ሙላት በሶምሶማ ነው የሚሄደው፣ ከተማም አያጥለቀልቅም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሐይቅስ እንዲህ ያለ ነገር አለው? ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳና ማታ ሲያቆም ውሃው ጠባዩ ይለወጣል፣ ዓሣውም ቦታ ይቀይራል። (ሦስት ሰው ጠይቆናል።)

መልስ፦ የጨረቃ ሙላት ብላችሁ ከሆነ፣ የለም። ሐይቅ ትንሽ ነው። ከዓለም በስፋት ቀዳሚ ከሆኑት ሐይቆች አንዱ የሆነው የሰሜን አሜሪካው ሱፒሪየር እንኳ ሙላቱ 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የኛው ከሱ ጋር አይወዳደርም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታም 22 ሜትር ገደማ ነው።

ሐይቅ ላይ የጨረቃን ቦታ የሚተካው ነፋስ ነው። ፀሐይ የላይኛውን ውሃ ታሞቀዋለች። ነፋስ ይነሳና የሞቀውን ውሃ ወደ አንዱ ዳር ይገፋዋል፤ እዚያ ይከማቻል፣ ከስር ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ዳር ከፍ ይላል። ነፋሱ ሲያቆም ድንበሩ ሚዛኑን ለመመለስ ሲል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ላዩ ጸጥ ብሎ ሰዓታት ወይም ቀናት ሊቆይ ይችላል። በስኮትላንዱ በሎክ ኔስ ይህ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በቴርሞሜትር ተይዟል። የሐዋሳ ንብርብር ግን ደካማ ነው። ቀን የሞቀው ማታ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ያማታዋል፣ ቶሎ ይፈርሳል። ጠንከር ያለ ንብርብር የምታገኙት ጥልቀት ባላቸው ሐይቆች ነው፤ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቆች ደግሞ ጠበብና ጠለቅ ያሉ፣ ከነፋስ የተከለሉ ናቸው። በቀዝቃዛዎቹ ወራት የታችኛው ኦክስጅን የጎደለው ውሃ ወደ ላይ ሲቀላቀል ዓሣ በብዛት የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓሣ ኦክስጅንና ምግብ ወዳለበት ይሄዳል። ድንበሩ ከተወዛወዘ እሱም ይከተላል። ቆሮሶና አምባዛ አሳዳጆች ይህን ከኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ባሕር በር የሌለው አገር ቁጭ ብለን ስለ ባሕር ውስጥ ሞገድ ምን አገባን? ስለ ኑሮ ውድነት ብትጽፉ አይሻልም?

መልስ፦ ስለ ኑሮ ውድነት በየገጹ ተጽፏል፣ ዋጋው ግን አልቀነሰም። ወደ ጥያቄው።

እውነቱን ለመናገር፣ የሰርጓጅ መርከቡ ታሪክ የሁሉን ጆሮ ስለሚስብ ዋናው ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። ዋናው ነገር ሞገዱ ሲሰበር የሚሠራው ሥራ ነው።

በግሪንላንድና በአንታርክቲካ አካባቢ በጣም የቀዘቀዘ ከባድ ውሃ ይሰምጣል፣ ከዚያም በውቅያኖስ ወለል ላይ ወደ መላው ዓለም ይሰራጫል። ይህ ያለማቋረጥ ከቀጠለና ወደ ላይ የሚመልሰው ነገር ከሌለ፣ ጥልቁ ባሕር በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ ይቆማል። የማይቆመው ከላይ ያለው ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ታች ስለሚቀላቀል ነው። ንብርብር ደግሞ መቀላቀልን ይጠላል፤ ከባዱን ውሃ ወደ ላይ ለማንሳት ጉልበት ያስፈልጋል። ዋልተር ሙንክና ካርል ዉንሽ በ1998 ሲያሰሉት ወደ 2 ቴራ ዋት የሚጠጋ ጉልበት ያስፈልጋል አሉ። ግማሹን ነፋስ፣ ግማሹን ጨረቃ ትሰጣለች የሚል ነበር ሐሳባቸው። በ2000 ጋሪ ኤግበርትና ሪቻርድ ሬይ ከሳተላይት መረጃ ተነስተው ከባሕር ሙላት ጉልበት ውስጥ 1 ቴራ ዋት ገደማ የሚጠፋው በጥልቁ ውቅያኖስ፣ በተለይ ወጣ ገባ ወለል ባለበት መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በፊት ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥልቀት በሌላቸው ባሕሮች ላይ በፍትጊያ ያልቃል ተብሎ ነበር የሚታሰበው።

1 ቴራ ዋት ስንት ነው? የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ወደ 200 የሚጠጋ ሕዳሴ ግድብ፣ ቀንና ሌሊት በሙሉ አቅሙ። ጨረቃ ባሕር ውስጥ ይህን ያህል ጉልበት ታፈሳለች፣ አብዛኛው በውስጥ ሙላት በኩል ነው የሚያልፈው።

በ1990ዎቹ ከብራዚል በስተምሥራቅ ባለው ጥልቅ ውቅያኖስ ውስጥ ተመራማሪዎች መቀላቀሉን ለክተው ነበር፤ ሊከታተሉት የሚችሉት ኬሚካልም ለቀቁ። ለጥ ባለው ወለል ላይ ውሃው እምብዛም አይቀላቀልም፤ ወጣ ገባው የአትላንቲክ ተራራ ሰንሰለት ላይ ሲደርስ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይበጠበጣል። ከጨረቃ ሙላት ጋር አብሮ ይበረታል፣ አብሮ ይደክማል። ለተማሪዋ የነገርኳት ወለሉ ላይ የሚጨመቅ ጉልበት የሚሠራው ይሄን ነው።

ታዲያ ለኛ ምን? የኛ ክረምት ከፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ ኤል ኒኞ ሲመጣ ዝናባችን ሲያጥር አይተናል። ውቅያኖስ ሙቀቱን የት እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው መቀላቀሉ ነው፣ የአየር ንብረት ትንበያ የሚሠሩ ሞዴሎችም ይህን መቀላቀል በሆነ መንገድ ማስገባት ግድ ይላቸዋል። ገበሬው ባሕር አይቶ አያውቅም፣ ባሕሩ ግን ማሳው ድረስ ይመጣል።

ሌላም አለ። የተሰበረው ሞገድ ከጥልቁ ንጥረ ምግብ ወደ ብርሃን ያወጣል፣ ፕላንክተን ይበቅላል፣ ዓሣ ይከተላል። ኮራል ሪፎች ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየላከ የባሕር ሙቀት በሚያይልበት ጊዜ ፋታ እንደሚሰጣቸው በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጨረቃ በየዓመቱ በ3.8 ሴንቲ ሜትር ከምድር የምትርቀውም የምድር የመሽከርከር ጉልበት በባሕር ሙላት ስለሚበላ ነው፤ ከፊሉ ማንም በማያየው በሃዋይ ተራራ ሥር የሚበላ ነው።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ላቦራቶሪያችን ባዶ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ የማሳይበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ርካሽም ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1762 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያየው ነገር ዘይትና ውሃ ያለበት የመብራት ብርጭቆ ነበር፤ መርከቡ ሲንገዋለል የዘይቱ ገጽ ጸጥ ብሎ ከስሩ ያለው ውሃ ይናጥ ነበር። ዘይቱን እንተወውና በጨው እንሥራው፣ ለባሕር የሚቀርበው እሱ ነው።

ግማሽ ሜትር የሚረዝም ግልጽ ዕቃ ያስፈልጋል፣ የዓሣ ማርቢያ መስታወት ቢሆን ደስ ይላል። በ1 ሊትር ውሃ 40 ግራም ጨው ሂሳብ በደንብ አሟሙተው፣ በቀይ ስር ውሃ ያቅልሙት። እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሙሉ። ላዩ ላይ ስስ ስፖንጅ ያንሳፍፉና ንጹሕ ውሃ በስፖንጁ ላይ ቀስ አድርገው ያፍሱ፣ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር። ከቸኮሉ ይደባለቃል፣ ያኔ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ሁለቱም ውሃ አንድ ዓይነት ሙቀት ይኑረው።

ከዚያ የዕቃውን አንድ ጫፍ በጣት ውፍረት ከፍ አድርገው፣ ጥቂት ቆይተው በዝግታ ያውርዱት። የላይኛው ገጽ አንዱን ዙር በአንድ ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል፣ ቶሎም ይረጋል። ቀዩ ድንበር ግን አንዱን ዙር ለመጨረስ 9 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ከፍታውም ከላይኛው ይበልጣል። ተማሪዎቹ ሰዓት ይያዙ። በሌላ ቀን ጨውን በግማሽ ይቀንሱና ይድገሙት፤ 13 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ለምን እጥፍ እንዳልሆነ ቀመሩን ራሳቸው ያውጡ።